ከካምፕ ወደ ቡሉክ፣ ከቡሉክ ወደ ቤት፦ የጁባን ጉዞ በሰላም ለመፈጸም



በዚህ ገጽ ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ስንማማር ቆይተናል። የዛሬው ትምህርት ግን ስለ መንገድ ነው። «መንገድ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱን ከሥራዬ ካየሁት ልጀምር።

አንዲት እናት ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያተኩሰው ቆይቶ ወደ ክሊኒካችን ይዛው መጣች። ምርመራው ወባ ሆነ። ደሙም በጣም አንሶ ስለነበር ደም የሚሰጥበት ቦታ መድረስ ነበረበትና በዚያው ቀን ወደ ጁባ ሪፈር ተጻፈለት። እናቲቱ ግን «ጁባ ተኩስ አለ ብለዋል» የሚል ወሬ ሰምታ ስለነበር ፈርታ አደረች። በማግስቱ ልጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተነሣች። ልጁ በሕይወት ተርፏል፤ ዛሬም ድረስ ግን እንደ እኩዮቹ አይሮጥም። በዚያ ዕለት ጁባ ውስጥ ምንም ተኩስ አልነበረም።

ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ የጁባ መንገድ እንደ ገበያ መንገድ ቀላል ይመስላት ነበር። መታወቂያ ሳትይዝ፣ ለማንም ሳትናገር ሄደች። ከሚኒባስ ስትወርድ ሞተር ሳይክል ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ቤተሰቧ ያለችበትን ያወቀው በሁለተኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያዋን የጎዳት ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛዋን ደግሞ ቸልተኝነት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ዝግጅት ይባላል። የዛሬው ትምህርት ዓላማም ይኸው ነው፦ መሄድ ሲያስፈልገን ተዘጋጅተን እንድንሄድ፣ ጉዳያችንን በቀን ጨርሰን በሰላም እንድንመለስ።

1. ከመነሣታችን በፊት

እኛ ጎሮም የምንኖር ብዙዎቻችን ከጋምቤላ ሸሽተን የመጣን ነን። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወንድሞችና እህቶች ተጨምረውልናል። ሁላችንም ለሕክምና፣ ለገበያ፣ ለወረቀት ጉዳይ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጁባ እንሄዳለን። ብዙ ጉዳይ ያለው በመሃል ከተማ ነው። የፖሊስ ዋና መምሪያ የሚገኘው በቡሉክ ሲሆን ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ስለዚህ «ወደ ቡሉክ ልሄድ ነው» የሚል ሰው በየቤቱ አለ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት የሚከተሉትን ማሟላት ይገባል፦

ሀ) መታወቂያ፦ ደቡብ ሱዳን የስደተኞችን ሕግ ያወጣችው በ2012 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የተመዘገበ ስደተኛ መታወቂያ ይሰጠዋል። መታወቂያችንን እንያዝ፤ ፎቶ ኮፒውን ደግሞ ቤት እንተው። ኬላ ላይ ስንጠየቅ በእርጋታ፣ በሁለት እጅ እናሳይ። ጠያቂው ቢቆጣም ድምፃችንን ከፍ አናድርግ።

ለ) የሕክምና ወረቀት፦ ለሕክምና የሚሄድ ሰው የሪፈር ወረቀቱን፣ የክትትል ካርዱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዝ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ ቢሆንም የሦስት ቀን መድኃኒት ይያዝ። መንገድ ቢዘጋ መድኃኒት መቋረጥ የለበትም።

ሐ) ገንዘብ፦ የመመለሻውን ገንዘብ ከሌላው ለይተን በሌላ ኪስ እንያዝ። የታክሲ ሂሳብ ለመክፈል ብለን ብዙ ገንዘብ በሰው ፊት አንቁጠር።

መ) ልብስ፦ የወታደር ልብስ የመሰለ ዥንጉርጉር ሱሪ፣ ጃኬት ወይም ኮፍያ አንልበስ። ከሰልባጅ ገበያ የገዛነው ቢሆንም ኬላ ላይ ችግር ያመጣል።

ሠ) መናገር፦ የት እንደምንሄድ፣ ከማን ጋር እንደምንሄድና በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ለአንድ ሰው እንንገር። ያ ሰው የቤተሰባችን አባል ወይም የብሎካችን በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል። የሁለት ሰዎችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈን እንያዝ፤ ስልክ ሊጠፋ ወይም ባትሪ ሊያልቅ ይችላልና።

ረ) የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፦ ወሬ የሰማንበትን ሰው ብቻ አንመን። በዚያው ቀን ከጁባ የመጣ ሹፌር፣ የካምፑ አስተዳደርና የጥበቃ ሠራተኞች የሚሉትን እናወዳድር። ሁለቱ ከተስማሙ ውሳኔ ለመስጠት ይበቃል።

2. ሰዓትን ማወቅ

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በዚህ ቀጠሮ አጥቷል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። የጁባ መሥሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ካርዳችን ላይ «9» ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። «2» ከተባለ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ደቡብ ሱዳን ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ ጁባ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ስልካችን በአዲስ አበባ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ እናስተካክለው።

ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያም ፈጥኖ ይጨልማል። በጁባ ሰዓት 18 ማለት ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንይዘው አንድ ደንብ ይኑረን፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጉዳዩ አለቀም አላለቀም ፊታችንን ወደ ቤት እናዙር። ያላለቀው ጉዳይ ነገም ይደርሳል። በዝናቡ ወራት፣ በተለይም ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ከዚያም ቀድመን እንነሣ።

3. በተሽከርካሪና በእግር

በደቡብ ሱዳን ተሽከርካሪ የሚሄደው እንደ አገራችን በቀኝ በኩል ነው። ነገር ግን ጁባ ውስጥ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ በግራ ከሚነዳባቸው እንደ ኡጋንዳና ኬንያ ካሉ አገሮች የመጡ ናቸው። መሪያቸው በቀኝ ነው፤ የሚኒባሶቹም የተሳፋሪ በር በግራ ነው። አገር ቤት የታክሲ በር የሚከፈተው ወደ እግረኛው መንገድ ነው። እዚህ ግን የእንደዚህ ዓይነቱ ሚኒባስ በር የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ መሃል ነው። ጎረቤቴ የተገጨችው በዚህ ምክንያት ነው። እንደለመደችው ዘላ ወረደች፤ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር አላየችም።

ስለዚህ፦
- ሚኒባሱ ፈጽሞ ሳይቆም አንውረድ።
- ከመውረዳችን በፊት አንገታችንን አውጥተን ወደ ኋላ እንይ።
- ልጅ ካለን መጀመሪያ ትልቁ ሰው ወርዶ ልጁን ይቀበለው።
- ወርደን በመኪናው ፊት ለፊት አንሻገር፤ መኪናው ሄዶ መንገዱ እስኪታይ እንቁም።

ቦዳ ቦዳ ሞተር ፈጣን ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ሚኒባስ ወይም ራክሻ የምንለውን ባለ ሦስት እግር እንምረጥ። ሞተር ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ሄልሜት ያለውን እንጠይቅ፤ በአንድ ሞተር ላይ ከሹፌሩ ሌላ ከአንድ ሰው በላይ አንሳፈር፤ መጠጥ የሚሸት ሹፌር ሞተር ላይ አንውጣ። ነጠላችንንና ረጅም ቀሚሳችንን ጎማው እንዳይስበው እንሰብስብ። ሹፌሩ ሲፈጥን በጁባ ዓረብኛ «ሽዌያ ሽዌያ» ብንለው ቀስ በል ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል። ለመውረድ «ወጊፍ ሂኒ» ማለት እዚህ ጋ አቁም ማለት ነው። የታመመ ሰው ደግሞ «አና አያን» ይላል፤ አሞኛል ማለት ነው።

4. በቡሉክና በመሃል ከተማ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለበት አካባቢ ጠባቂ ይበዛል። እዚያ ስልካችን የመነጋገሪያ ዕቃ ብቻ ይሁን። ፎቶ አናንሣ። መሥሪያ ቤቶችን፣ ፖሊስና ወታደሮችን፣ የዓባይን ድልድይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ማንሣት ችግር ውስጥ ይከታል።

ይህን የምጽፈው ራሴ ተሳስቼ ስለተማርኩ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ዘመዴን ለጉዳይ መሃል ከተማ አደረስኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ቦታው እንዳይጠፋኝ ብዬ የበሩን ጽሑፍ በስልኬ አነሣሁ። ጠባቂው ጠራኝና ስልኬን ወሰደ። ምን እንዳነሣሁ፣ ለማን እንደምልክ ሲጠይቀኝ ዋለ። ስልኬን ሲመልስልኝ ጨልሞ ነበር፤ ሰው ቤት አደርኩ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አደረች። ጽሑፉን በወረቀት ብገለብጠው ኖሮ አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

የባለሥልጣን መኪኖች በሳይረን ታጅበው ሲመጡ ከመንገዱ ወጥተን እንቁም። አንሩጥ፣ አንሻገር፣ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ አናስገባ። መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ጉዟችንን እንቀጥል።

በገበያ ውስጥ፣ ለምሳሌ በኮኞ ኮኞ ወይም በከስተም፣ ቦርሳችንን ከፊት እንያዝ። ወረቀት በፍጥነት አስጨርሳለሁ ወይም ወደ ሌላ አገር አሻግራለሁ የሚል ደላላ ቋንቋችንን ስለተናገረ ብቻ ወገናችን አይሆንም። መታወቂያችንን ለማንም ደላላ አንስጥ። የስደተኛ ምዝገባና የመታወቂያ አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ መሆኑን እናስታውስ።

5. ውሃና ምግብ

በጁባ ኮሌራ በ2014፣ በ2015ና በ2016 ተከስቷል። በኋላም የጤና ሚኒስቴር ኦክቶበር 28 ቀን 2024 በአገሪቱ ኮሌራ መግባቱን አስታውቋል፤ ጁባም ከተነኩት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ኮሌራ ከከተማ ወደ ካምፕ የሚመጣው በመንገደኛ ሆድና እጅ ነው።

ስለዚህ ከቤታችን የታከመ ውሃ በክዳን ባለው ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ይዘን እንሂድ። በመንገድ ዳር በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ ውሃ አንጠጣ። የምንበላው ትኩስ ይሁን፤ ፍራፍሬ ራሳችን ልጠን እንብላ። ከመብላታችን በፊት ለእጃችን የምትሆን ትንሽ ሳሙና በጨርቅ ጠቅልለን እንያዝ።

የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ከጀመረን ቤት እስክንደርስ አንጠብቅ፤ ቅርብ ወዳለው ሕክምና እንሂድ። በመንገድ ላይ ኦአርኤስ እንጠጣ። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉንም ልሙጥ አድርገን ሰፍረን፣ በጥብጠን እንጠጣ። ጨው መብዛት የለበትም።

6. ሁከት ቢነሣ

ጁባ ክፉ ቀኖችን አይታለች። ዲሴምበር 15 ቀን 2013 በከተማዋ የተጀመረው ውጊያ አገሪቱን ወደ ጦርነት ከትቷል። በጁላይ 2016 ደግሞ ለአራት ቀን ያህል በከተማው ውስጥ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። በጃንዩዋሪ 2025 ደቡብ ሱዳናውያን በሱዳን ዋድ መዳኒ መገደላቸው ሲሰማ በጁባ የሱዳናውያን ሱቆች ተዘረፉ፤ ፖሊስም ጃንዩዋሪ 17 ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚጸና የሰዓት እላፊ አወጀ። ከእነዚህ ቀኖች የምንማረው ሁከት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊመጣ እንደሚችል፣ አንዳንድ ጊዜም የውጭ አገር ሰውን ለይቶ ሊፈልግ እንደሚችል ነው።

ተኩስ ከሰማን፦
- ወዲያው መሬት ላይ እንተኛ፤ ከዚያ በደረታችን እየተሳብን ከወፍራም ግንብ ጀርባ እንጠለል። ቆርቆሮና የመኪና በር ጥይት አያቆሙም።
- ከመስኮትና ከበር እንራቅ። ምን እንደሆነ ለማየት አንውጣ።
- ካለንበት ቦታ አንሩጥ። ብዙ ሰው የሚመታው ሲሮጥ ነው።
- ድምፁ ከቆመ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት እንቆይ።
- የስልክ ድምፅ እናጥፋ፤ ለቤተሰብ አጭር መልእክት ብቻ እንላክ።
- መሬት ላይ የወደቀ ጥይት፣ ቦምብ ወይም የማናውቀውን ብረት አንንካ፤ ልጆቻችንንም እናስተምር።

የሰዓት እላፊ ከታወጀና ካምፕ መድረስ ካልቻልን በሌሊት አንጓዝ። በምናውቀው ሰው ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንደር። ለዚህ ነው ከመሄዳችን በፊት «ብመሽብኝ የት አድራለሁ?» ብለን መልሱን መያዝ ያለብን።

7. ጉዳት ቢደርስ

ደም የሚፈሰው ሰው፦ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገን በሁለት እጃችን አጥብቀን እንጫን። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳንከፍት እንያዝ። ጨርቁ በደም ቢርስ በላዩ ሌላ እንጨምር እንጂ የመጀመሪያውን አናንሣ። ቡና፣ አፈር ወይም አመድ ቁስል ላይ አናድርግ። ቡና ደም ያቆማል የሚባለው ልማድ ቁስሉን ለማመርቀዝ ይዳርጋል።

በመኪና ወይም በሞተር የተገጨ ሰው፦ አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጎትተን አናንሣው። እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚያሰጋው ከሆነ ብቻ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን ቀጥ አድርገን ብዙ ሰው ሆነን እናንሣው። የተሰበረ እግር በእንጨትና በነጠላ እንደግፍ። ውሃም ምግብም አንስጠው፤ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል።

ውሻ የነከሰው ሰው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንጠብ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሕክምና ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባት እህት ወይም የደረሰበት ወንድም፦ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ሰዓቱ ግን በጣም አስፈላጊ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ከተቻለ ከመታጠብ በፊት መሄድና የለበሱትን ልብስ በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። የታጠበም ሰው ቢሆን ሕክምናው አይቀርበት።

ፖሊስ የሚሞላው ፎርም 8 የሚባል ወረቀት አለ። ይህ ወረቀት ለክስ ማስረጃ ይጠቅማል፤ ሕክምና ለማግኘት ግን ግዴታ አይደለም። ማንም ሰው «መጀመሪያ ፎርም 8 አምጡ» ቢላችሁ በትሕትና «መጀመሪያ ሕክምናው ይሰጠኝ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» በሉ። ወደ ፖሊስ መሄድ ወይም አለመሄድ የተጎዳው ሰው ውሳኔ ነው። በጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች ሕክምናና ምክር በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል በ2017 ተከፍቷል። የካምፑ ክሊኒክም ምስጢራችሁን ጠብቆ ይረዳችኋል፤ የምትሄዱበትንም ይነግራችኋል።

8. ስንመለስ

ስንመለስ መጀመሪያ ለነገርነው ሰው «ደርሻለሁ» እንበል። ከዚያ እጃችንን በሳሙና ታጥበን ልጆቻችንን እንቀፍ። ከሆስፒታል የተሰጠንን ወረቀት በማግስቱ ወደ ክሊኒካችን እናምጣ፤ ካላየነው ክትትሉን መቀጠል አንችልም። ጁባ ያደረ ሰው አጎበር ውስጥ ካልተኛ፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢጀምረው የመንገድ ድካም ነው ብሎ አይለፈው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ለበጎ ፈቃደኞች

እናንተ በየብሎኩ ያላችሁ የዚህ ትምህርት አስተማሪዎች ናችሁ። አንድ ደብተር ያዙና የሚሄደውን ሰው ስም፣ የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት መዝግቡ። ለምን እንደሚሄድ ለመንገር የማይፈልግን ሰው አትጠይቁ፤ የሕክምና ጉዳይ የግል ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ያልተመለሰ ካለ ደውሉ፤ ካልተገኘ ለጥበቃ ሠራተኞች አሳውቁ። ያላረጋገጣችሁትን ወሬ አታስተላልፉ፤ «ተኩስ አለ» የምትል አንዲት ቃል አንድን ሕፃን ከሕክምና ልታስቀር እንደምትችል ከላይ አይተናል።

የመወያያ ጥያቄዎች (ለቡና ሰዓት)

1. በቤታችሁ ካለፈው ጉዞ የጎደለው ዝግጅት ምን ነበር?
2. ካርድ ላይ «10» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
3. በግራ በኩል በር ካለው ሚኒባስ ልጅ ይዛችሁ እንዴት ትወርዳላችሁ?
4. ጁባ ቢመሽባችሁ የት ታድራላችሁ?
5. ፎርም 8 ለሕክምና ግዴታ ነው ወይስ አይደለም?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ጉዳዩ ጠዋት ከሆነ 4 ሰዓት ነው። የአምስተኛው መልስ፣ አይደለም።

ውድ አንባቢዎች፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሪፈር የተጻፈላችሁ ሰዎች ወሬ ፈርታችሁ አትቅሩ፤ መጥታችሁ ጠይቁን፣ አብረን እናቅዳለን። ለሌላ ጉዳይ የምትሄዱም ምሽቱን ተዘጋጁ፣ ማለዳ ተነሡ፣ በ9 ሰዓት ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። በር ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።